የሱሌይማን ድምፅ ለምን ተጎተተ

ናዲያ ወንድሟ መሞቱን ያመነችው በገዛ ድምፁ ነው። ድምፁ ደግሞ በየሁለት ቀኑ ከሪያድ ይመጣል።

«ስማው» አለችና ስልኳን ኦሊያድ ፊት አስቀመጠች። የኦሊያድ ስልክ መጠገኛ ከመናኸሪያ ጀርባ ናት፤ ከናዲያ የጨርቅ ሱቅ ብዙም አትርቅም። እሷ ግን እንደደረሰች በርጩማ ስባ ቁጭ አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስም ጠበቀች።

«ሰላም ነሽ፣ ናዲያ? እኔ ደህና ነኝ፤ አታስቢ» አለ ሱሌይማን ከስልኩ ውስጥ። ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ሁሉ ጎተት እያደረገ።

«ሱሌ እንዲህ ነው የሚያወራው? ሱሌ እኮ ሲያወራ መኪናው ሊሄድበት ያለ ረዳት ነው የሚመስለው!»

«ደውይለታ።»

«አያነሳም። 'ሥራ ላይ ነኝ' ይልና ድምፅ ይልካል። ሞቷል፣ ኦሊያድ። የድሮ ድምፁን እየቀጣጠሉ ነው የሚልኩልኝ። መርዶውን ደብቀውኛል።»

ማስረጃ አላጣችም። ስትገባ ጎረቤት ወሬ ያቋርጣል። እናቷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አጎቷ ባህሩ ከወራቤ ድረስ መጥቶ፣ እጇን ይዞ ተቀምጦ ውሎ ተመለሰ። ጣቃ እንዳታነሳ ተከልክላለች። ጠዋት ማታ የአጥንት መረቅ ይቀርብላታል፤ መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ ሆዱ እህል ይያዝ ይባል የለ? የጨጓራዋን ምርመራ ውጤት እንኳ እናቷ ናት ሄዳ የተቀበለችው። እሷ ከወጣች መንገድ ላይ አንዱ ሞቱን እንዳይነግራት ነዋ!

ኦሊያድ ስለ ድምፅ የተማረው ከዩቲዩብ ነው። አስተማሪ አልነበረውም፤ ማስረዳት ግን ነፍሱ ነው።

«አየሽ፣ ሰው ሲፈጥን ይበልጥ የሚያጥረው አናባቢው ነው። 'ሰላም' ስትይ 'ላ' ላይ ያለችው 'ኣ' ላስቲክ በያት። ስትቸኩዪ ትሰበሰባለች፤ ስትረጋጊ ትለጠጣለች። በሲዳምኛ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ዝም ብለሽ ከለጠጥሻት ሌላ ቃል ልትሆንብሽ ትችላለች። በአማርኛ ግን ነፃ ናት፤ ስለዚህ የተናጋሪው ሁኔታ እሷ ውስጥ ይገባል። ሕፃን ስታባብዪ፣ ስትሰብኪ፣ ስትጣሪ...»

«ፕሮፌሰር! ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

ኦሊያድ መልእክቶቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። ከእያንዳንዱ 'ሰላም'ን ቆርጦ የድምፁን ሞገድ አንዱን ከሌላው በታች ደረደረ። ናዲያ የወንድሟን ድምፅ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ተጋድሞ አየችው። ዓይኗን ዞር አደረገች።

«አንዱን የድሮ 'ሰላም' እየቀጣጠሉት ቢሆን ይቺ 'ኣ' ሁሌ አንድ ልክ ትሆን ነበር። ሕያው ሰው አንዱን አናባቢ ሁለቴ በአንድ ልክ አይጎትትም። ይኸው፣ ይቺኛዋ ትረዝማለች፣ ያቺኛዋ ታጥራለች። አለ፣ ናዲ። ሱሌ በሕይወት አለ!»

ናዲያ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ጎኗን ወጋትና ያዝ አደረገችው። «ምን ሆኖ ነው ታዲያ እንደዚህ የሚጎትተው?»

«ደክሞት ይሆናላ።»

እሷ ግን የእናቷንም ስልክ ይዛ መጥታለች። ለእሷ በላከበት ቀን ለእናቱም የላከው፣ ናዲያ ገና ያልከፈተችው አለ። ኦሊያድ የመጀመሪያዋን ሰላምታ ብቻ አሰማት፦ ፈጣን፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለች፣ የድሮው ሱሌይማን።

«ለእማ ይፈጥናል!» አለች። «የሚጎትተው ለእኔ ብቻ ነው?»

«እንግዲያው ድካም አይደለም፣ የአነጋገር ስልት ነው። ሰው አናባቢውን የሚለካው በሚያናግረው ሰው ልክ ነው። ቆይ፣ የማን እንደሚመስል አሁን አገኘዋለሁ።»

ኦሊያድ ከየቦታው የቀዳቸው ድምፆች አሉት። የሱሌይማንን ከእያንዳንዳቸው ጎን አስቀመጠ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ የሚሸጥ ሰው፤ ፈጽሞ አይገናኝም። ሰባኪ፤ ርዝመቱ አለ፣ ጉልበቱ በዛ። ልጇን የምታባብል እናት፤ ቀረብ አለ፣ ግን ይዘፍናል። ሌላ ከፈተ። እጁ ማውሱ ላይ ቀረ።

«አገኘኸው አይደል?» አለች ናዲያ፣ ገና ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ። «ከማን ጋር ገጠመ?»

የገጠመው ከኦሊያድ አክስት ከፀጋ ድምፅ ጋር ነበር፤ ሐኪሞች እንደማይድን ለቤተሰቡ ብቻ ነግረው ወደ ቤት የመለሱትን ባሏን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ይሻልሃል» ስትለው።