ትምባሆ በፖስታ አይላክም

ጀውሀራ በጋዜጣ የጠቀለለችውን የትምባሆ ቅጠል በስደት በምትኖርበት ከተማ ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር ባለው የዕቃ መላኪያ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአባቷ ከምትልከው ሸሚዝ ጎን አስቀመጠችው። ደሴ ያሉት አባቷ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ ነበር። ሠራተኛው ጥቅሉን አሸተተና፣ “እህቴ፣ ትምባሆ በፖስታ መላክ በሕግ ክልክል ነው” አላት። እሷም ወዲያው ስልኩን ዘረጋችለት። “እስቲ ለአባቴ ራስህ ንገርልኝ።”

ከስልኩ ውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ። የሽማግሌው ሳል የሠራተኛውን አንጀት በላው። “ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “በአባት አይጨከንም። ከምትልኪላቸው ሸሚዝ መሀል እሸጉጠዋለሁ።”

ጀውሀራ ስልኩን በመዳፏ አፈነችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። “እንደሱ አታድርግ። ሐኪሙ ሳንባቸው ተጎድቷል ብሏል። ‘ላኪልኝ’ ሲሉኝ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። አንተ እንድትከለክለኝ ነው የመጣሁት።”

ሠራተኛው ትንሽ አያትና ስልኩን ተቀበላት። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ “አባባ፣ ሕጉ አይፈቅድም። ልጅዎን ከልክለናታል” አለ።

ሽማግሌው ሳላቸው እስኪበርድላቸው ቆዩ። “ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል” አሉ። “ብቻ አደራ፣ ልጄን እንዳትቆጣት። አባቷን እምቢ ማለት አታውቅም።”