ጓንጉል የገዛው እርሻ

እማማ አያልነሽን የሚያምን ጠፋ። "ወንድሜ እርሻ ገዝቷል፤ የባቄላ ዘር ይዤለት ልሂድ" ባሉ ቁጥር የቤቱ ሰው አንገቱን ይደፋል።

"አልተማርኩም እንጂ አልጃጀሁም" አሉ፣ ባቄላውን በሰፌድ እየለቀሙ።

ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩበት ዘመን ነው። ለሽማግሌ ሁሉ የባቄላ ፍሬ የምታህል አስተርጓሚ መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ትገባለታለች። አንቱታ አታውቅም፤ የሰማችውን ቃል በቃል ትመልሳለች። ከወልዲያ የተደወለ ዕለት የልጅ ልጃቸው ኤልዳና በእንግሊዝኛ የተናገረችውን "ጓንጉል እርሻውን ገዛ" ብላ የነገረቻቸው ይህችው አስተርጓሚ ናት። እማማም እልል አሉ። ጓንጉል ዕድሜ ልኩን የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ነዋ።

ዛሬ ኤልዳና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አያቴ፣ እርሻ የለም" አለች አስተርጓሚዋ። "የእንግሊዝኛ አባባል ነው፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ድሮ ወታደሮች 'ጦርነቱ ሲያልቅ እርሻ እገዛለሁ' ይሉ ነበር አሉ። አንዱ ሲሞት 'እርሻውን ገዛ' ይባላል።"

የእማማ እጅ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"ቀብሩስ?"

"በየክፍላችን በስክሪን አየነው። አንቺ እልል ስትዪ ሐዘኑ ያሳበደሽ መስሎን ዝም አልን።"

እማማ አስተርጓሚዋን ከጆሯቸው አውጥተው ግርዱ ላይ ጣሏት። ኤልዳና አማርኛ መናገር ባትደፍርም ትሰማለች።

"መርዶ እንዲህ አይነገርም" አሏት። "ነገ ጎህ ሲቀድ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ከእናትሽ ጋር ትመጫለሽ። ብትንተባተቢም ግድ የለኝም፣ በገዛ አፍሽ 'ጓንጉል ሞተ' ትዪኛለሽ። እስከዚያ አላለቅስም።"