ያልተሰረዘው ካርድ

ወንድሟ ሲሞት ሥራውም ወንበሩም ለእሷ ተሰጣት። ሙያውን ያስተማራት እሱ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማንም አልተቃወመም። ያረፈው እዚያው ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው።

ወሬው የተነሳው ከጥበቃው ነው። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ፣ ከክፍሉ በር ትይዩ ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ እንጂ ወንድምሽ ሥራውን አልተወም» አሏት። «በየማለዳው፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ በሩ ጠቅ ብሎ ይከፈታል። ብርድ ፊቴን ሽው ያደርገኛል።»

«ብርዱ የማሽኖቹ ማቀዝቀዣ ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ በሩስ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ሄደች። በሩ ለመግባትም ለመውጣትም ካርድ ይጠይቃል። የበሩን መዝገብ ስታየው፣ በየማለዳው በሩን የሚከፍተው ካርድ የወንድሟ ነበር፤ ለመግባት ይሁን ለመውጣት መዝገቡ አይለይም። ያ ካርድ ግን አብሮት ተቀብሯል፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ የከተተችው እናታቸው ናት።

ወሬ ክንፍ አለውና ቤት ድረስ ደረሰ። እናቷ እህል አልቀምስ አለች።

«ወይ ሥራ! አፈር ገብቶም አልለቀቀው? ልጄ አላረፈም ማለት ነዋ!»

«እማዬ፣ የሞተ ሰው ሥራ አይገባም። አንዱ ቀልደኛ ካርዱን አስገልብጦ ነው። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።»

ቀልደኛውን ባታገኝም፣ ካርዱ እስካሁን ለምን እንደሚሠራ ደረሰችበት። የለቀቁ ሠራተኞችን ካርድ የሚሰርዝ አንድ አጭር ስክሪፕት፣ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ አለ። በየዕለቱ የሠራተኛውን የመጨረሻ የሥራ ቀን ከዛሬው ቀን ጋር ያስተያያል፤ ካለፈ ይሰርዛል። ችግሩ፣ ቀኖቹን የሚያስተያየው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ቃል፣ ከፊተኛዋ ምልክት ጀምሮ ነው። ወንድሟ የሞተው በወሩ ዘጠነኛ ቀን ነበር። አሥር ሲጻፍ የሚጀምረው በአንድ ነው፣ ሃያም በሁለት፤ ዘጠኝ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ስለዚህ አሥር ቢመጣ፣ አሥራ አምስት ቢመጣ፣ ሃያ ቢመጣ፣ ለስክሪፕቱ ዘጠኝ ገና አልደረሰም። ቤተሰቡ ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጓል፤ በኮምፒውተሩ ዘንድ ግን ወንድሟ ገና ሊሞት ነው።

ያም ሆኖ ሥራ ሥራ ነውና ሁለቱንም ቀኖች ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ወደሚቆጠር ሰኮንድ ለወጠቻቸው፤ ከዚያ ቁጥርን ከቁጥር ጋር አስተያየች። ስክሪፕቱን ስታስኬደው የወንድሟ ካርድ ተሰረዘ። ዳግመኛ የቀበረችው መሰላት። ክፍሉ ውስጥ ማንም አለመኖሩን አይታ፣ መብራት አጥፍታ ወጣች።

በማግስቱ ማለዳ እናቷን ይዛ መጣች፤ በዓይኗ አይታ ልቧ እንዲያርፍ። ከጥበቃው ጋር ሦስት ሆነው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። የተለመደው ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። በሩ ንቅንቅ አላለም።

«እሰይ!» አሉ ጥበቃው። «ከእንግዲህ አይገባም።»

«አረፈልኝ፣ ልጄ አረፈልኝ» አለች እናቷ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

እሷም ፈገግ ብላ እናቷን በክንዷ አቀፈቻት።

ያን ጊዜ በሩ በቀስታ ከውስጥ ተንኳኳ።