ሁለት ፕሮፔለር ለአንድ ጀልባ

«ስምንት ደቂቃ» አሉ አቶ አትናቴዎስ ስልካቸውን ወደ ሕዝቡ እያዞሩ። የጀልባ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ደስ ሲላቸው የሱፍ ባናቸውን ከትከሻቸው ከፍ ዝቅ ማድረግ ልማዳቸው ነው፤ አሁንም ያንኑ እያደረጉ ነው። ይታየው ጀልባዋን ብቻውን ነድቶ የግድቡን ውኃ ተሻግሮ ነበር። ቀደም ብሎ በሞከረው በሌላኛው ፕሮፔለር ዐሥራ አራት ደቂቃ ፈጅቶበታል። እንግዲህ ምኑ ይመረጣል?

ሁለቱን ፕሮፔለሮች የላከላቸው የደብረ ብርሃን ነጋዴ ነው። የሚስማማቸውን አስቀርተው ሌላውን በዛሬው አውቶቡስ ሊመልሱለት ቃል ገብተዋል። ፈጣኑ ያብረቀርቃል። ክንፎቹ በጣም የተጠማዘዙ ስለሆኑ አንዴ በዞረ ቁጥር ጀልባዋን አርቆ ይገፋታል። የሌላኛው ክንፎች ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው፤ በአንድ ዙር የሚገፋው ጥቂት ነው። እሱ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነገር ነው፣ ሣሩ ላይ ተጥሎ ዞር ብሎ ያየውም የለም።

የይታየው ሆድ ግን አልቆረጠም። እሱ የወፍጮ መካኒክ ነው። አንድ ጊዜ መርሐቤቴ ቆላ ላይ ማሽላ እንደ ጉድ ሲፈጭ የኖረ ሞተር ወደ መሐል ሜዳ ደጋ መጥቶ፣ ገና ገብስ ሲነካ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቀጥ ማለት ጀመረ። ባለቤቱ የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል ሊያስረጩት ነበር። ይታየው ግን የሞተሩን ፑሊ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ጎማ፣ አነስ ባለ ለወጠና ሸክሙን አቀለለለት፤ ከዚያ ወዲያ ደህና ሠራ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም እንደ ሰው ያለከልካል።

ይህንኑ ነገራቸው፤ ለጀልባዋም ሞተር ጥቁሩ ሳይቀልለው አይቀርም አለ። አቶ አትናቴዎስ በትዕግሥት ሰሙት።

«ወፍጮና ጀልባን ምን አገናኛቸው፣ ይታየው? ምጥ ለያዛት ሴት ስድስት ደቂቃ ቀላል ነገር ነው?»

የይታየው ልጅ ትሕትና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ የምትወልደውም በክረምቱ እምብርት ነው። የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ማዶ ይታያል። ግድቡ የድሮውን መንገድ ከዋጠው ወዲህ ግን በእግር ዙሪያውን ሦስት ሰዓት ነው። ያቺን ስድስት ደቂቃ የሚቀማው ከገዛ ልጁ ሊሆን ይችላል። ፈራ።

ከሴቶቹ መካከል አመተሥላሴ ወደ ፊት ወጣች። ባለፈው ሐምሌ ምጥ ይዟት ዙሪያውን በቃሬዛ ሲወስዷት ልጇን መንገድ ላይ ያጣች ናት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አትናገርም።

«ጋሼ ይታየው፣ ማን ሊቀር ነው?»

«ከምኑ፣ ልጄ?»

«ከጀልባው። የኔ ጊዜ ማን ቀረ?»

ማንም አልቀረም ነበር። ተሸካሚ ከነቅያሪው፣ እናቷ፣ አክስቷ፣ ጠበል የያዙት ቄስ፣ ሁሉም ተከትሏል። በዚህ አገር ምጥ የያዛትን ብቻዋን የሚልክ ጎረቤት የለም፤ የቀረ ሰው ዓመት ሙሉ ይታማል። ታዲያ ጀልባዋን በአንድ ሰው ሞክረው ስምንት ደቂቃ እያሉ ይጨፍራሉ። ይታየው በራሱ አፈረ። እህል ሳይጨምር ወፍጮ ሞክሮ አያውቅም እኮ።

ጀልባዋ የምትችለው ዐሥር ሰው ነው። እሱን ጨምሮ ዐሥር ሰው እንዲገባ ጠየቀ፤ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ባናቸውን ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ አዘዘ። ሐምሌ ላይ ደረቅ ባና ለብሶ የሚመጣ የለም፣ የራሰ ባና ደግሞ ክብደቱን የለበሰው ያውቀዋል። አጉረመረሙ። መጀመሪያ የነከሩት አቶ አትናቴዎስ ናቸው፣ ያውም አዲሱን። ቃሬዛው መሐል ሲዘረጋ አመተሥላሴ «ባዶውን አይሄድም» ብላ ተኛችበት።

በሚያብረቀርቀው ፕሮፔለር ተነሡ። ሞተሩ ገና ከዳር ሳይርቅ አቃሰተ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ትንፏቀቅ ጀመር፤ ነፋሱ ሲያገኛት ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ ጠፋ። እየቀዘፉ ተመለሱ። የአቶ አትናቴዎስ ስልክ ከኪስ አልወጣም።

ይታየው በብርድ በደነዘዙ ጣቶቹ ጥቁሩን ገጠመ። አመተሥላሴ ከቃሬዛው አልተነሣችም፤ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀችው።

በዚህኛው ሞተሩ አላቃሰተም። ድምፁ ሞላ፣ እህል እንደ ልብ እንደሚወርድለት ወፍጮ እኩል ማጉረምረም ያዘ። ይታየው በሕይወቱ ሙሉ በጆሮው ሲፈልግ የኖረው ድምፅ ነውና ደረቱ ቀለለው። ነፋሱ መጣ፤ ጀልባዋ ግን መንገዷን አልለቀቀችም። የጀልባዋ አፍንጫ የማዶውን ጠጠር ሲነካ አቶ አትናቴዎስ ዐሥራ ሰባት ደቂቃ አሉ፣ ቀስ ብለው።

አመተሥላሴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። የጤና ጣቢያው በር እዚያው ፊቷ ተከፍቷል። አንዲት ነርስ ያጠበችውን አንሶላ ገመድ ላይ ታሰጣለች።

«ይኼን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አለች።

ይታየው ሞተሩን አጥፍቶ ከነባናው ውኃው ውስጥ ወረደ፤ እንድትወርድ ብሎ ጀልባዋን አጥብቆ ያዘላት። እሷ ግን አልወረደችም። ከሰዎቹ ባና ውኃው እየተንጠባጠበ፣ በሩን ታያለች።