የአቮካዶ ጣት

አውራ ጣቷን ለሽያጭ የቆመች ብስክሌት ጎማ ላይ አሳርፋ ጫን አደረገችው። አትክልት ተራ አሥራ ሁለት ዓመት አቮካዶ ስትሸጥ የበሰለውን ካልበሰለው የለየችበት ጣት ነው።

«ገና ነው፤ አልበሰለም።»

ባሏ በሻጩ ፊት አፈረ። ፒያሳ ያለው ጠባብ ሱቅ የገቡት አንዲት ብስክሌት ብቻ ሊመርጡ ነበር፤ እሱ ቅዳሜ ብቻውን እንጦጦ ጫካ የሚወጣባት፣ እሷ ደግሞ እሑድ ልጃቸውን አፈናጥጣ አስፋልት ላይ የምትንሸራሸርባት።

ሻጩ ግን አልሳቀም። «ልክ ነዎት፣ እትዬ። ለአስፋልት እንዲህ ጠንከር ይላል፤ ለተራራ ግን ድንጋዩን ቆንጠጥ አድርጎ እንዲይዝ ትንሽ ንፋስ ይቀነስለታል። ብስክሌቷ ያው አንድ ናት፤ ለሁለቱም ትሆናለች።»

«ምን ያህል ይቀነስ?» አለ ባሏ፣ ሊጽፈው ስልኩን አውጥቶ።

ሻጩ የጎማውን ቫልቭ በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ንፋሱ ፍሽሽ አለ። እሷ ጣቷን ሳታነሳ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«በቃ!»

ባሏ ጎንበስ ብሎ በራሱ ጣት ጫን አደረገው። ደግሞ ጫን አደረገው። ጎማ ነው፤ ሌላ ምንም አልነገረውም።

«እንዴት አወቅሽ?»

ጣቷን በሽርጧ ጠርጋ የብስክሌቷን መሪ ያዘች። «እንግዲህ እንጦጦም ያለኔ አትወጣም» አለችው።