ክልክል የነበረው ድንኳን

አቶ አባይነህ ሚስታቸውን ውብነሽን ቀብረው መካኒሳ ወዳለው ኮንዶሚኒየም ሲመለሱ፣ ጎረቤቶቻቸው ግቢው ውስጥ የዕድሩን ድንኳን እየተከሉ ነበር። «ድንኳን መትከል በጥብቅ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ከነፊርማቸው አጥሩ ላይ ተለጥፏል፤ የግቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ውብነሽ ከልጆች ጋር በምታየው ካርቱን ውስጥ የከተማው ሰዎች የከንቲባውን የክልከላ ሰሌዳ ገንጥለው ሲጥሉ፣ «አንድ ቀን ያንተንም ይገነጥሉታል» እያለች ትስቅባቸው ነበር። ዛሬ ግን ማስታወቂያውን ማንም አልነካውም። ዝም ብለው አጠገቡ ተከሉ።

የድንኳኑን ገመድ የያዘችው ትሩፋት ነበረች። ክረምት ላይ ልጇ ሲሞት ለቅሶዋን ከግቢ አስወጥተው ዝናብ ላይ እንድትቀመጥ ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ገመዱን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

«ትሩፋት፣ እኔ እኮ ያን ቀን...»

«ይተዉት፣ ጋሼ። ለእርስዎ ብለን አይደለም» አለች ገመዱን ሳትለቅ። «ያን ቀን አስፋልት ዳር ጥላ ይዘውልኝ የዋሉት እትዬ ውብነሽ ነበሩ።»

አቶ አባይነህ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ያን ዕለት ውብነሽ ነጠላዋ በስብሶ ስትገባ፣ የት እንደዋለች ጠይቀዋት «ገበያ» ብላቸው ነበር። እጇ ላይ ግን ከጥላው በቀር ምንም አልነበረም።