ሠላሳኛዋ

"እማማ፣ ሲያስልዎት ደም አለው?" አላቸው የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ ቀጨኔ ከሸክላ መተኮሻው ጭስ አጠገብ የተቀመጡትን አሮጊት። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን አንድ ጥናት ማሳተም ቀርቶታል። ለጥናቱ ደም የሚተፉ ሠላሳ ሸክላ ሠሪዎች ፈልጎ ያገኘው ሃያ ዘጠኝ ነበር።

አሮጊቷ ሊመልሱለት ሲሉ ሳል አጣደፋቸው። ነጠላቸውን ከአፋቸው አንስተው ጫፉን አሳዩት። ቀይ ነበር። መምህሩ በመጠይቁ ላይ "አዎ" ከሚለው ፊት ለፊት ራይት አደረገና ፈገግ አለ። ፈገግ ማለቱን ያወቀው አሮጊቷ ትክ ብለው ሲያዩት ነው። ደሙን ሳይሆን የገዛ ፊቱን ተጸየፈ፤ በመዳፉ ሸፈነው።

እሳቸው ግን ደስ አላቸው።

"ጠቀመህ አይደል፣ ልጄ?" አሉት። "ካልበቃህ ቁጭ በል፤ ሳሉ አሁን ይመለሳል።"